የሰው ደስታ ለምን ያናድደኛል?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ዕድሜዬ 39 ነው። ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ መሸጫ እሠራለሁ። የምኖረው ከእማዬ ጋር ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባት፤ ጉልበቷን ከያዛት ደግሞ አራት ዓመት ሆነ። ገላዋን የማጥብላት፣ መድኃኒቷን የምሰጣት፣ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ በወር አንዴ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ብቅ ይላል። ያን ቀን እማዬ "ልጄ መጣልኝ" ብላ ታለቅሳለች።

ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ጾም አላጓድልም። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። የወንድሜ ሚስት ግን አትጾምም። ታማ አይደለም፤ "እኔ አልቻልኩበትም" ትላለች፣ እየሳቀች። ቤተ ክርስቲያንም ለጥምቀትና ለፋሲካ ካልሆነ አትታይም።

የመጻጉዕ ዋዜማ ቅዳሜ ልጃቸው ስድስት ዓመት ሞላውና ልደት ደገሱ። እኔ ከሥራ በግማሽ ቀን ወጥቼ፣ እማዬን አጥቤና ምሳ አብልቼ፣ ራሴ ሳልቀምስ ሁለት ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ ክሬም የተቀባ የፍስክ ኬክ አለ። ሙዚቃ ተከፍቷል። የወንድሜ ሚስት ከሕፃናቱ ጋር ትጨፍራለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም። "በሁዳዴ ይሄ ምንድን ነው? የክርስቲያን ቤት የሚባለው ምኑ ታይቶ ነው?" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው። ጎረቤቶቿም እናቷም ነበሩ። ሁሉም ዝም አሉ። አንዱ ተነሥቶ ሙዚቃውን ዘጋ። የልጁ እጅ ላይ ክሬም ነበር፤ ሱሪው ላይ ጠረገውና እናቱ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ አይደውልልኝም። ለፋሲካ እኛ ቤት ነበር የሚመጡት፤ "ዘንድሮ አንመጣም" ብሎ ለእማዬ ነግሯታል። እሷም በየቀኑ ታነሣብኛለች።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎት። ከጾም መግደፏ ይልቅ ያናደደኝ ሳቋ ነው። ሌላም ቦታ እንዲሁ ነኝ። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ያለችው ስልኳን ስትነካ ካየሁ ቅዳሴው ይጠፋብኛል። ሱቅ የሚመጡ ሴቶች ቀሚስ እየለኩ ሲሳሳቁ ፊቴ ይጨፈግጋል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። መዘምራን ውስጥ ነበርኩ፤ ከበሮ እመታ ነበር። እማዬ ስትታመም ተውኩት።

እውነት ተናግሬ ይቅርታ ልጠይቅ? ዝም ማለትስ ከኃጢአት ጋር መተባበር አይሆንብኝም?

የደስታ ያለህ፣ ከአዲስ አበባ


እኅቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው የታየኝ ኬኩ ነው። ሁለተኛ ሳነበው ከበሮው ታየኝ። ኬኩን አልረሳሁትም፣ እመለስበታለሁ። ከከበሮው ግን ልጀምር።

መጨረሻ ላይ ከልብሽ የሳቅሽው መቼ ነው? አሁን አትመልሺልኝ። ማታ እማዬን አስተኝተሽ ስትጨርሺ፣ ሻይሽን ይዘሽ አስቢው። "ትዝ አይለኝም" የሚል መልስ ከመጣ አትደንግጪ። መልሱ እሱ ከሆነ ግን የአንቺ ነገር ከወንድምሽ ሚስት ድስት ውስጥ አልጀመረም ማለት ነው።

"ከጾም መግደፏ ይልቅ ያናደደኝ ሳቋ ነው" ብለሽ ጽፈሻል። ይህን መጻፍ ቀላል እንዳይመስልሽ። አብዛኞቻችን እንዲህ ያለውን ነገር "ለሃይማኖቴ ቀንቼ ነው" በሚል ነጠላ ሸፍነን እናልፈዋለን። አንቺ ነጠላውን ገለጥሽው። የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው አልልሽም፤ ከባዱን ግን ራስሽ ጀምረሽዋል።

የራሴን ልንገርሽ፣ ብቻሽን እንዳይመስልሽ። ለብዙ ዓመት ቅዳሜና እሑድ አስቀድስ ነበር፤ የምቆመውም በሴቶች በር አጠገብ ነው። እዚያ ሆኖ ጫማው ሁሉ ይታያል። የማን ጫማ ከኪዳን ጀምሮ እንዳለ፣ የማን ከወንጌል በኋላ እንደተቀመጠ፣ የማን ገና "እትዉ በሰላም" ሳይባል እንደተነሣ አንድ በአንድ አውቀው ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ቤት ስደርስ ባለቤቴ "ዛሬ የተነበበው ወንጌል ምን ነበር?" አለኝ። አጣሁት። ጫማዎቹን ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ በቀለም በቀለም እነግረው ነበር። አፌ ጾሟል፤ ዐይኔ ግን ሲፈስክ ነበር የዋለው። የቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ "ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን" የሚለው በየዓመቱ በሁዳዴ ጆሯችን ላይ ይዜማል። አንደበትን እንደምንም እንቆጣጠረዋለን። ዐይን ነው የሚያስቸግረው።

አሁን ወደ አንድ ሌላ ቤት ልውሰድሽ። ሉቃስ ምዕራፍ 15። ስለ ጠፋው ልጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰባኪም ሲሰብክ እሱ ላይ ነው የሚቆየው። አንቺን ሳነብ የታየኝ ግን ታላቅየው ነው። ከእርሻ ይመለሳል። ደክሞታል። ወደ ቤት ሲቀርብ የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ የደረሰው ድምፁ እንደሆነ ልብ በዪ፤ ገና ምን እንደተፈጠረ አላወቀም፤ ከብላቴናው ነው የሚጠይቀው። ሲነገረው "ተቆጣም ሊገባም አልወደደም" ይላል። በር ላይ ቆመ። ሁለት ታክሲ ይዘሽ፣ ምሳ ሳትበዪ፣ ሙዚቃ የተከፈተበት በር ላይ ስትደርሺ ማን መስለሽ ነበር?

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔ እንደውም ለዚያ ልጅ አንጀቴ ይላወሳል። የሚናገረውን ስሚው። ይህን ያህል ዓመት ተገዝቼልሃለሁ፣ ከትእዛዝህ አልወጣሁም፣ "ከወዳጆቼ ጋር ደስ እንዲለኝ አንድ ጥቦት ስንኳ አልሰጠኸኝም።" ስለ ሰባው ፍሪዳ አይደለም የሚያለቅሰው። ስለ ጥቦት ነው። ያን ሁሉ ዓመት በሆዱ ይዟት ኖሯል፤ በአፉ ግን ጠይቆ አያውቅም። አባትየውም "የቆረብከው ወዴት ነው፣ የጾምከው ስንት ቀን ነው" አላለውም። "ልጄ ሆይ፣ አንተ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፣ ለእኔም የሆነ ሁሉ የአንተ ነው" አለው። ጥቦቷ ከመጀመሪያውም የእሱ ነበረች ማለት ነው። በፈለገ ቀን አርዶ ጓደኞቹን መጥራት ይችል ነበር።

እኅቴ፣ ያንቺ ጥቦት የት አለች?

እኔ ከደብዳቤሽ ያገኘኋት ከበሮዋን ነው። አራት ዓመት ሙሉ የተሰቀለች ከበሮ። ምናልባት ሌላም አለ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እናትን መጦር ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይወስድብሽም። ግን "እናቴን እጦራለሁ፣ ስለዚህ እኔ ደስ ሊለኝ አይገባም" ብሎ ያዘዘሽ ማን ነው? ወንጌሉ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም አይደለችም። ይህን ሕግ ያወጣሽው አንቺው ነሽ፤ ያንን ሕግ የማይጠብቅ ሰው ባየሽ ቁጥር ደግሞ ይከፋሻል። የወንድምሽ ሚስት የጣሰችው የሁዳዴን ሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታዝነሽላት ነበር። የጣሰችው ያንቺንም ሕግ ነው። ለዚህ ነው የተናደድሽው ብዬ እገምታለሁ። ከተሳሳትኩ ንገሪኝ።

ይህን የምጽፍልሽ የገብር ኄር እሑድ ማታ ነው። ዛሬ የተነበበውን ሰምተሻል (ጫማ ስትቆጥሪ ካልዋልሽ በቀር)። አምስት መክሊት ያተረፈው አገልጋይ የተሰጠው ሽልማት ምን ነበር? በብዙ ላይ መሾም፣ አዎ። ከዚያ ግን "ወደ ጌታህ ደስታ ግባ።" ግባ! ታላቁ ልጅ "ሊገባም አልወደደም" የተባለለት በር ይኸው ነው። ታማኝነት መጨረሻው ደስታ ቤት መግባት ከሆነ፣ እኛ ታማኞቹ በር ላይ ቆመን የገባውን ሰው ስም ዝርዝር መያዛችን ምን ይባላል? መክሊቱን የቀበረውስ ለጌታው ምን አለ? "ጨካኝ ሰው እንደሆንህ አውቃለሁ።" ጌታውን ጨካኝ አድርጎ የሣለ ሰው ራሱም ይጨክናል፤ ደስታም አያምርበትም። በጾም ደክሞሽ በነበረ ሰዓት እግዚአብሔር እንዴት ያለ መስሎሽ ነበር? ይህን ጥያቄ ለንስሐ አባትሽ ይዘሽ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ከእኔ ይልቅ ያውቁሻል።

አሁን ወደ ኬኩ።

"ዝም ማለት መተባበር አይሆንም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ደኅና ጥያቄ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስልሽ። ሮሜ ምዕራፍ 14ን አውጥተሽ አንብቢ። ክርክሩ ስለ እኛ ሁዳዴ አልነበረም፤ አንዱ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው አትክልት ብቻ ይበላል፣ ተናንቀዋል። ጳውሎስም "የሚበላ የማይበላውን አይናቀው፤ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ" አለ። ለሚበላው ማስጠንቀቂያው ንቀት ነው። ለእኛ ለማንበላው ደግሞ ፍርድ። በሽታችንን ለይቶ አውቆታል። ወረድ ብሎ ደግሞ የእግዚአብሔር መንግሥት "ጽድቅና ሰላም በመንፈስ ቅዱስም የሆነ ደስታ ናት እንጂ መብልና መጠጥ አይደለችም" ይላል። ስለ ፍርድ ጀምሮ ደስታ ላይ ነው የደረሰው። እንግዲህ ጾሙን ተዪው ማለቴ አይደለም። ጹሚ። እኔም እጾማለሁ። ጾም የራስ ገበታ ነው፤ የጎረቤት ሰሃን ውስጥ አይጾምም።

ሰው ሲሳሳት ምንም አይባልም ማለትም አይደለም። ማቴዎስ 18 መንገዱን ይነግረናል፤ "አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ።" ያውም የበደለሽን ነው። እሷ አንቺን አልበደለችሽም። በእናቷና በጎረቤቶቿ ፊት የተባለው ነገር፣ ቃሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ምክር ሆኖ አይሰማም። ደግሞ ከሥርዓቱም ብንሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ልጆችን ጾም የምታስጀምረው ከሰባት ዓመት ነው። ልጁ ስድስት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም በላይ የተቀጣው ምንም ያላጠፋው ሰው ነው። ይህን የማነሣው ቁስልሽን ልነካካ ብዬ አይደለም። ክሬሙን ሱሪው ላይ ሲጠርግ ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ከጻፍሽው ሁሉ በጣም ያመመሽ እሱ እንደሆነ አጻጻፍሽ ያሳብቃል።

ስለዚህ አዎ፣ ይቅርታ ጠይቂ። ስለ ጾም የምታምኚውን ለመካድ አይደለም። ላዋረድሽው ሰው ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መልሶ አይዋጥም፤ ተከትለሽው መሄድ ግን ትችያለሽ።

እስከ ሆሳዕና ሁለት ሳምንት አለ። ከሆሳዕና በፊት ሂጂ። በስልክ አይሁን፣ በቴሌግራም ደግሞ ፈጽሞ። ወንድምሽን ብቻ አግኝተሽ "ንገርልኝ" እንዳትዪም። የተዋረደችው እሷ ናት፤ እሷን ነው የምታናግሪው። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ሽማግሌ ከመጣ "ሁለታችሁም ተዉት" ይባልና እሷም ያላጠፋችውን ይቅር በይኝ ትላለች። ቀድመሽ ደውለሽ "ቤት ልመጣ ነበር፣ መቼ ይመችሻል?" በያት። ስትደርሺ አጭር አድርጊው። "ያን ቀን በሰው ፊት አዋረድኩሽ። የልጅሽን ልደት አበላሸሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።" እዚያ ላይ አቁሚ። "ግን" የምትባለዋን ቃል ቤት ቆልፈሽባት ሂጂ። "ግን ጾም ስለሆነ"፣ "ግን ደክሞኝ ስለነበር" ካልሽ ይቅርታው አለቀለት። ወዲያው ፊቷ ላይፈታ ይችላል። "ችግር የለም" ብላ በቀዝቃዛው ልታልፈው ትችላለች። ይሁን። አንቺ የሄድሽው ዕዳሽን ልትከፍዪ ነው፤ ደረሰኝ አትጠይቂ።

ለልጁ ለብቻው ንገሪው። ቁጢጥ በዪና "ኬክህ ጥሩ ነበር፤ አንተ ምንም አላጠፋህም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" በዪው። ትልቅ ሰው "አጠፋሁ" ሲል ሰምቶ የሚያድግ ልጅ በአገራችን ብዙ አይደለም። እኔ ከአባቴ አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የለበሰው ሹራብ እንኳ ትዝ ይለኛል።

ሌላ ጉዳይ አለ፤ በዚያው ቀን እንዳታነሺው አደራ። ወንድምሽ። ሙዝና ብርቱካን። እኔም ሳነበው ትንሽ ደሜ ፈላ፤ ልዋሽሽ አልችልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። "ደክሞኛል" ብለሽው ታውቂያለሽ? በግልጽ? ወይስ ፊትሽን አጨፍግገሽ እንዲገባው ነው የጠበቅሽው? ወንዶች ወንድሞቻችን (ሁሉም ባይሆኑም) ፊት ማንበብ ላይ ሰነፍ ናቸው። ታላቁም ልጅ ያን ሁሉ ዓመት ዝም ብሎ፣ ባንድ ቀን ነው በር ላይ የፈነዳው። ይቅርታሽ ካለፈ በኋላ፣ ሳምንት ይቆይ፣ ወንድምሽን ቡና ጋብዢውና ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂው። "እርዳኝ" አትበዪው፤ "እርዳኝ" ሲሉት እሺ ብሎ ይረሳዋል። "በወር ሁለት እሑድ እማዬ ጋ አንተ ዋል፤ መድኃኒቷንም ስኳሯን መለካትም አሳይሃለሁ" በዪው። እምቢ ካለ ጻፊልኝ፤ ሌላ እናስባለን። የሚል ግን አይመስለኝም። የምናውቀው ሰው ያላወቅነው ነገር ይኖረዋል።

የተረፈችሽን እሑድ ምን እንደምታደርጊባት ታውቂያለሽ። የመዘምራኑን ኃላፊ አናግሪ። አሁን በመካከለኛ ዕድሜ ከበሮ ልምታ ማለት ያሳፍረኛል ትዪ ይሆናል። ደግሞም አሁን ሁዳዴ ነው፤ ከበሮም ጸናጽልም አርፈዋል። ግዴለም፣ ጊዜ አለሽ። ፋሲካ ሲደርስ ከበሮው ሲወጣ አጠገቡ ቁሚ። መጀመሪያ ማጨብጨብም ይበቃል።

ቅዳሴ ላይ ያቺ ባለ ስልክ ደግሞ ትመጣለች፤ እንዳትጠራጠሪ። እኔ ከጫማዎቹ በኋላ ቦታ ቀየርኩ። ወደ ውስጥ ገባ ብዬ፣ ዐይኔ በር ላይ እንዳያርፍ። ሞኝነት ይመስላል፤ ሠርቶልኛል። ሌላው የማደርገው፣ ዐይኔ ሰው ላይ ሲተከል "አቤቱ ማረን" በሚባልበት ቦታ ያን ሰው ከራሴ ጋር አስገባዋለሁ። "እሷን ማራት፣ አለባበሷን ተመልከትና" ብዬ አይደለም፤ ይሄ ጸሎት ሳይሆን ክስ ነው፤ ፈሪሳዊውም ቤተ መቅደስ ቆሞ "በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጾማለሁ" ሲል ጎን ለጎን ቀራጩን ይጠቁም ነበር። ረቡዕና ዓርብን ለምንቆጥር ሰዎች ያቺ ዓረፍተ ነገር ጆሮ ትጎትታለች። ዝም ብለሽ "ማረን" በዪ። እኔንና እሷን። ሱቅ ውስጥ ደግሞ፣ ሴቶቹ ቀሚስ እየለኩ ሲስቁ፣ ነጠላውን አንቺው አልብሻቸው። ለሠርግ ከሆነ የማን ሠርግ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የሽሮ ሜዳ ሥራ እኮ ሰው በደስታው ቀን የሚለብሰውን መሸጥ ነው። በየቀኑ በእጅሽ ያልፋል።

ፋሲካ ቀን እነሱ ይምጡ አይምጡ አሁን አይታወቅም። ለእማዬ "አናግሬያቸዋለሁ" የሚለውን ቃል ግን ከዚያ በፊት ልትሰጫት ትችያለሽ። ከመጡ፣ ዶሮውን ስታወጪ ለወንድምሽ ሚስት ከሁሉም አስቀድመሽ አውጪላት፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሽ እንቁላሉን ለማን እንደምትሰጪ የምትመርጪው አንቺ ነሽ።

ሉቃስ ታላቁ ልጅ ገባ ወይስ ውጭ ቀረ አይነግረንም። አባትየው እየለመነው፣ ሙዚቃው እየተሰማ፣ ታሪኩ እዚያ ላይ ይቆማል።

ያን ቀን ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የጾም ኬክ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ በየኬክ ቤቱ አለ፤ አንድ ግዢ። ስድስት ሻማም አትርሺ፤ ልጆች ሁለተኛ እፍ ማለትን አይጠሉም። ሲቆረስ አንቺም ብዪ። ብቻ ምሳሽን ሳትበዪ ከቤት እንዳትወጪ።